መለኪያውን የሚበላ ጨረራ

ስለ ጨረራ መመርመሪያዎች ባስተማርሁበት ዕለት አንድ ተማሪ ከኋላ ወንበር እጁን አወጣ። «መምህር፣ ጨረራው የነካውን ሁሉ የሚጎዳ ከሆነ መለኪያውን ለምን ይምረዋል?» አለኝ። ጓደኞቹ ሳቁ። ጥያቄው ግን የሚያስቅ አልነበረም፤ ከባድ አዮኖችን፣ ማለትም ኤሌክትሮን የተገፈፉ አቶሞችን፣ የሚያፈጥኑ ማዕከሎች ዛሬም ድረስ ገንዘብና ዓመታት የሚያፈሱበት ጉዳይ ነው። አይምረውም አልሁት። እንዴት እንደማይምረው ለማስረዳት የቀረኝ ሰዓት ስላልበቃኝ የቀረውን እዚህ ልጨርሰው።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ኢትዮጵያ መስከረም 2018 ዓ.ም. በሞስኮ ከሩስያው መንግሥታዊ የኑክሌር ድርጅት ከሮሳቶም ጋር ስለ ኑክሌር ኃይል ማመንጫ የድርጊት መርሐ ግብር ከተፈራረመች ወዲህ ስለ ሜጋዋት ብዙ ተብሏል። ጨረራውን ስለሚለካው ዕቃና ዕቃውን ስለሚፈትሸው ባለሙያ ሲወራ ግን እምብዛም አልሰማሁም። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

ሲንቲሌተር የሚባለው ቁስ ጨረራ ሲመታው ብልጭ የሚል ነው። ታሪኩ የሚጀምረው ከጨለማ ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ1903 እንግሊዛዊው ዊሊያም ክሩክስ ከራዲየም የሚወጡ ቅንጣቶች ዚንክ ሰልፋይድ በተቀባ ገጽ ላይ ሲያርፉ የሚሰጡትን ነጠላ ነጠላ ብልጭታ በማጉያ መነጽር አየ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በማንችስተር የራዘርፎርድ ባልደረቦች ጋይገርና ማርስደን ዓይናቸው ጨለማውን እስኪለምድ ተቀምጠው ብልጭታዎቹን አንድ በአንድ ቆጠሩ። አቶም መካከሉ ላይ አስኳል እንዳለው የታወቀው በዚያ ቆጠራ ነው። ዛሬ በዓይን ፋንታ ደካማ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጡ ዳሳሾች ገብተዋል። ብልጭታውን የሚሰጠው ቁስ ግን እንደ ጥንቱ ጨረራው ፊት ለፊት ይቆማል፤ መጀመሪያ የሚመታውም እሱ ነው።

ይህ ብልጭ የሚል ቁስ ከሴራሚክም ይሠራል። ሴራሚክ ምን እንደሆነ ለማየት ጎንደሬ ሩቅ መሄድ የለበትም። ወደ ደባርቅ በሚያወጣው መንገድ ዳር ያለችው ወለቃ በሸክላ ሥራዋ የታወቀች ናት። ጭቃው ይቦካል፣ ቅርጽ ይይዛል፣ ጥላ ላይ ይደርቃል፣ ከዚያ በእሳት ይበስላል። በላቦራቶሪም መንገዱ ይኸው ነው። በጣም የነጠረ ዱቄት ተዘጋጅቶ በኃይል ይጨመቃል፤ ከዚያ ሳይቀልጥ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ እስኪያያዙ ድረስ ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብዙ በዘለለ ሙቀት ይበስላል። ውጤቱ እጅግ ጥቃቅን ክሪስታሎች ጎን ለጎን ተደርድረው የተጣበቁበት ጠጣር ነው። አንድ ወጥ ክሪስታል ከቀለጠ ቁስ ቀስ እያሉ መሳብ ቀናትን ይወስዳል፣ መጠኑም የተወሰነ ነው። ሴራሚኩ በሰፊው ይሠራል፣ ሙቀት ይችላል፣ ዋጋውም ይቀላል። በሲቲ ስካን ማሽን ውስጥ ኤክስሬይን ወደ ብርሃን የሚለውጠው ቁስ ዛሬ በአብዛኛው እንዲህ ዓይነት ሴራሚክ ነው። ሆስፒታል ገብቶ በሲቲ የታየ ሰው ሁሉ ሳያውቀው በሲንቲሌተር በኩል ታይቷል ማለት ይቻላል።

ኤክስሬይ ግን ለሴራሚኩ ቀላል እንግዳ ነው። መከራው የሚጀምረው ከከባድ አዮን ጋር ነው።

ከባድ አዮን ማለት ኤሌክትሮኖቹን የተገፈፈ እንደ ካርቦን፣ ዜኖን ወይም ዩራኒየም ያለ አቶም ነው። ኤሌክትሮን ስለጎደለው በኤሌክትሪክ መስክ መገፋት ይችላል፤ ማፍጠኛው እየገፋ ወደ ብርሃን ፍጥነት ያቀርበዋል። በቁስ ውስጥ ሲያልፍ የሚጥለው ኃይል በቻርጁ ስኩዌር መጠን ይጨምራል። ፕሮቶን 1 ቻርጅ አለው። ሙሉ በሙሉ የተገፈፈ ካርቦን 6 ስላለው በተመሳሳይ ፍጥነት 36 እጥፍ ይጥላል። ሙሉ በሙሉ የተገፈፈ ዩራኒየም 92 አለው፤ 92 በ92 ሲባዛ 8,464 ነው። በዝቅተኛ ፍጥነት ዩራኒየሙ ኤሌክትሮኖቹን በከፊል ስለሚይዝ ቁጥሩ ይወርዳል፤ ቢሆንም ከፕሮቶን ጋር የሚወዳደር አይደለም።

በጀርመን ዳርምሽታት ከተማ የሚገኘውን ጂ.ኤስ.አይ. የተባለ የምርምር ማዕከል ላንሳ። ከ107 እስከ 112 ተራ ቁጥር ያላቸው ስድስት ንጥረ ነገሮች የተገኙበት ቦታ ነው፤ አንዱ በከተማው ስም ዳርምሽታቲየም ተብሏል። እዚያ ካለው ቀጥ ያለ ማፍጠኛ የሚወጣ አዮን ለእያንዳንዱ ፕሮቶንና ኒውትሮን እስከ 11.4 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት (በአቶም ዓለም ኃይል የሚለካበት ጥቃቅን መለኪያ) ይይዛል። ዩራኒየም 238 ከሆነ ድምሩ ወደ 2.7 ቢሊዮን ይደርሳል። በሴራሚክ ውስጥ አንድን አቶም ከቦታው ለማፈናቀል የሚበቃው ጥቂት አሥር ኤሌክትሮን ቮልት ብቻ ነው። አዮኑ ያን ሁሉ ኃይል የሚያራግፈው ደግሞ የአንድ ፀጉር ውፍረት በሚያህል ጥልቀት ውስጥ ነው።

አብዛኛው ኃይል መጀመሪያ ለኤሌክትሮኖች ይሰጣል። ከመንገዱ ዙሪያ የተባረሩት ኤሌክትሮኖች ኃይላቸውን ለአቶሞቹ ሲያስተላልፉ በጥቂት ናኖሜትር (የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ) ስፋት ውስጥ ያለው ቁስ ከሰከንድ ቢሊዮንኛ እጅግ ባነሰ ጊዜ ግሎ መልሶ ይቀዘቅዛል። አንዳንዱ ቁስ በዚህ ፍጥነት ሲቀዘቅዝ ሥርዓቱን መልሶ መያዝ ስለማይችል የተዛባ ጎዳና ይቀርበታል። አዮኑ ሊቆም ሲቃረብ ደግሞ ከአቶም አስኳሎች ጋር በቀጥታ እየተጋጨ ያፈናቅላቸዋል። አንድ ኦክስጅን ከቦታው ሲነሳ ባዶው ስፍራ ኤሌክትሮን ይይዛል። ይህ ባዶ ስፍራ በጀርመንኛ «ፋርበ»፣ ማለትም ቀለም፣ ከሚለው ቃል ተነሥቶ የኤፍ ማዕከል ተብሏል። ስሙ በትክክል ተሰጥቶታል፤ ቀለም የሌለው ክሪስታል ቀለም ሲይዝ የምናየው በእንዲህ ዓይነት ጉድለት ነው።

አሁን ወደ ብርሃኑ እንመለስ። ሲንቲሌተር የሚያበራው ከጉዳት በፊትም ቢሆን ለከባድ አዮን በሚገባው ልክ አይደለም። ተመሳሳይ ኃይል ያስገቡ ኤሌክትሮንና ዩራኒየም ተመሳሳይ ብርሃን አይሰጡም፤ የዩራኒየሙ በጣም ያንሳል። በአንድ ቀጭን መንገድ ላይ እጅግ ብዙ ኤሌክትሮን ስለሚነሣ እርስ በርስ ተጨናንቀው ብዙዎቹ ሳያበሩ ይቀራሉ። በጥምቀት ዕለት የፋሲል መዋኛ ውስጥ ወጣቱ ሁሉ ባንዴ ሲዘል የሚዋኝበት ስፍራ እንደሚጠፋው ማለት ነው። በርክስ የተባለ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1951 ይህን ቅናሽ የሚገልጽ ቀመር ሰጥቷል፤ ዛሬም እንጠቀምበታለን። ይህ ቅናሽ ግን የታወቀና የማይለዋወጥ ስለሆነ አይጎዳንም፤ አስቀድመን ልናርመው እንችላለን። የሚጎዳን ዛሬና ነገ የሚለያየው ነው።

ብርሃን የሚቀንስባቸው ሁለት መንገዶች አሉ፤ እነሱን መለየት የጉዳዩ ሁሉ ልብ ይመስለኛል። አንደኛው ብርሃኑ ከተወለደ በኋላ በመንገድ መሞቱ ነው። ቀለም የያዘው ቁስ ብርሃኑን ወደ ዳሳሹ ሳይደርስ ይውጠዋል። ሁለተኛው ብርሃኑ ከነጭራሹ አለመወለዱ ነው። የተነሣው ኤሌክትሮን ብርሃን እንዲሰጥ ወደ ቁሱ ወደተጨመረው ባዕድ አቶም፣ ለምሳሌ ወደ ሴሪየም ወይም ወደ ክሮሚየም፣ መድረስ ሲገባው በመንገዱ ላይ ያለ ባዶ ስፍራ ያጠምደዋል። ኃይሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ወይም ቆይቶ ያለ ጊዜው ይበራል።

ከውጭ ሲታዩ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፤ ምልክቱ ወርዷል። መድኃኒታቸው ግን ይለያያል። በጄኔቫ አቅራቢያ ባለው የቅንጣት ምርምር ማዕከል በሰርን ያለውን ሲ.ኤም.ኤስ. የተባለውን ትልቅ መመርመሪያ እንመልከት። 76,000 የሚጠጉ የሊድ ተንግስቴት ክሪስታሎች አሉት፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ሂግስ ቦዞን የተባለው ቅንጣት ሲገኝ ከእሱ የወጡትን ፎቶኖች (የብርሃን ቅንጣቶች) በዚህ መመርመሪያ የያዙት እነሱ ነበሩ። በበርሜሉ ክፍል ያሉት እያንዳንዳቸው 23 ሴንቲሜትር ይረዝማሉ። ብርሃኑ ያን ያህል መንገድ ስለሚጓዝ ትልቁ ሥጋት መዋጡ ነው። ስለዚህ በቀጭን የመስታወት ክር የሌዘር ብርሃን እየላኩ ክሪስታሉ ምን ያህል ግልጽ እንደሆነ ይለካሉ፤ በዚያው ልክ ያርማሉ። ጥሩ መፍትሔ ነው። ነገር ግን የዳርምሽታቱ ቀጥ ያለ ማፍጠኛ በሚያወጣው አዮን ፊት ለሚቆም ሴራሚክ ይህ ብቻውን አይበቃም። ጉዳቱ ያለው ፀጉር በሚያህል ንብርብር ውስጥ ነው። በዚያ ስስ ንብርብር የሚያልፍ ሌዘር የሚዋጠው ጥቂት ስለሆነ «ደህና ነው» ብሎ ሊመለስ ይችላል፤ በዚያው ንብርብር ውስጥ ግን የሚወለደው ብርሃን ግማሽ ሆኖ ይሆናል። ግልጽነትን መለካትና የብርሃን ምርትን መለካት ሁለት የተለያዩ ፈተናዎች ናቸው፤ ተማሪዎቼ አንዱን ሠርተው ሌላውን እንደሠሩ ሲቆጥሩት እቆጣለሁ።

ጉዳቱ በምን ያህል ፍጥነት ይመጣል? ግምቱን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ልንሠራው እንችላለን። አንድ አዮን የሚተወው የተጎዳ ጎዳና 10 ናኖሜትር ስፋት አለው እንበል። የክቡ ስፋት ወደ 80 ካሬ ናኖሜትር ነው። አንድ ካሬ ሴንቲሜትር 100 ትሪሊዮን ካሬ ናኖሜትር ስለሚይዝ ገጹን ጎዳና በጎዳና ለመሙላት 1.25 ትሪሊዮን ገደማ አዮኖች ይበቃሉ። በሰከንድ 1 ሚሊዮን አዮን ቢወርድበት ሁለት ሳምንት ይፈጃል። በሰከንድ 1 ቢሊዮን ቢወርድበት 21 ደቂቃ ነው። ቁጥሩ ግምት ነው፤ አዮኖቹ የሚወድቁት በዘፈቀደ ስለሆነ አንዱ በሌላው ላይ ይደረባል። ዋናው ነገር ግን ብርሃኑ ገጹ እስኪሞላ አይጠብቅም። አንድ ወጥመድ ከሩቅ የሚመጣ ኤሌክትሮን ስለሚስብ ምልክቱ ከዚያ እጅግ ቀድሞ መውረድ ይጀምራል።

አወራረዱ ደግሞ በየስፍራው እኩል አይደለም። የአዮን ጅረት መሐሉ ላይ ወፍራም፣ ጠርዙ ላይ ስስ ነው። ስለዚህ የጅረቱን ቅርጽ ለማየት ፊቱ የሚቆመው ሴራሚክ ሰሌዳ መጀመሪያ የሚደክመው መሐሉ ላይ ነው። በካሜራ ስናየው መሐሉ እየፈዘዘ፣ ጠርዙ እንደነበረ ይቀራል፤ ጅረቱ ከትክክለኛው መጠኑ የሰፋና የተንጣለለ መስሎ ይታያል። ኦፕሬተሩ ይህን አምኖ ጅረቱን ለማጥበብ ማግኔቶቹን ቢያስተካክል ደህናውን ነገር ያበላሸዋል። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚያስፈራኝ። ወለቃ ላይ አንዲት እናት ጀበና ስገዛ በጣታቸው እያንኳኩ ሲመርጡልኝ «እትዬ፣ በምን ያውቁታል?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። «ደህናው ይጮኻል ልጄ፣ የነቃው ይታፈናል» አሉኝ። ሴራሚክ ሲንቲሌተር ሲደክም እንዲህ አያስታውቅም። ቁጥር መስጠቱን ይቀጥላል፤ ቁጥሩም የሚታመን ይመስላል። ከሥራ ውጭ የሆነ ዕቃ ይጣላል ወይም ይጠገናል፤ በየቀኑ 1 በመቶ እየዋሸ የሚሠራ ዕቃ ግን ማንም ሳይጠረጥረው ዓመት ሊቆይ ይችላል።

ይህ የፊዚክስ ሊቃውንት ብቻ ጭንቀት እንዳይመስል የካርቦን ሕክምናን ማሰብ ይበቃል። ካርቦን አዮን ኃይሉን በብዛት የሚጥለው ሊቆም ሲል ስለሆነ ጥልቅ ያለ ዕጢን ፊት ለፊቱ ያለውን ጤነኛ ሥጋ ብዙ ሳይነካ ይመታል። በጃፓን ቺባ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ፣ በዳርምሽታት ከ1997 እስከ 2008፣ በሃይደልበርግ ደግሞ ከ2009 ጀምሮ ሕሙማን በዚህ መንገድ ታክመዋል። ወደ ታካሚው የሚሄደውን መጠን የሚቆጣጠሩት ዋና መለኪያዎች በጋዝ የተሞሉ ክፍሎች ናቸው። ብርሃን ሰጪ ሰሌዳ ለጅረቱ ቅርጽና ቦታ ፍተሻ ይውላል። በሚሊሜትር በሚሠራ ሕክምና የፍተሻ ሰሌዳ መድከም ትንሽ ነገር አይደለም።

ታዲያ ምን ይደረጋል? ለአዮን ቆጠራ ለረጅም ጊዜ ያገለገለው ፕላስቲክ ሲንቲሌተር ነው። ፈጣን ነው፣ ርካሽ ነው፣ ግን ሰንሰለታማ ሞለኪውሎቹ በከባድ አዮን እየተበጣጠሱ ቶሎ ያረጃል፤ ደጋግሞ መቀየርም ግድ ነው። አሉሚና የሚባለው አሉሚኒየም ኦክሳይድ ክሮሚየም ሲጨመርበት በ694 ናኖሜትር ቀይ ብርሃን ይሰጣል፤ በብዙ ማፍጠኛዎች ጅረቱን በዓይን ለማየት የሚቆመው ሰሌዳ እሱ ነው። ጽኑ ነው፣ ብርሃኑ ግን ቀርፋፋ ስለሆነ አዮኖችን ነጠላ በነጠላ ለመቁጠር አይሆንም። ሴሪየም ያለበት ያትሪየም አሉሚኒየም ጋርኔት መካከለኛ መንገድ ነው፤ የክሪስታሉ አቀማመጥ በሁሉም አቅጣጫ አንድ ስለሆነ ሴራሚኩ እንደ መስታወት ግልጽ ሆኖ ሊሠራ ይችላል። እኔን ይበልጥ የሚስበኝ ኢንዲየም የተጨመረበት የዚንክ ኦክሳይድ ሴራሚክ ነው። በዳርምሽታት በከባድ አዮን ተፈትኗል። ብልጭታው ከናኖሰከንድ በታች ያልቃል፤ ዚንክ ኦክሳይድም የተፈናቀሉ አቶሞቹን ወደ ቦታቸው በመመለስ ከብዙ ቁሶች ይሻላል። ይጎዳል፣ ግን ዘግይቶ ይጎዳል፤ ለቆጠራ ደግሞ ጊዜ መግዛት ትልቅ ነገር ነው።

ሴራሚክ ከነጠላ ክሪስታል ይልቅ ጉዳትን ይችላል የሚለውን አባባል ግን በጥንቃቄ ነው የምቀበለው። ምክንያቱ አለው። በጥቃቅኖቹ ክሪስታሎች መካከል ያለው ድንበር ከቦታቸው የወጡ አቶሞችንና ባዶ ስፍራዎችን እየሳበ ያጠፋል፤ ድንበሩ ሲበዛ ጽዳቱም ይበዛል። ነገር ግን ያው ድንበር ብርሃንን ይበትናል፤ በራሱም ኤሌክትሮን ያጠምዳል። ገና ከምድጃ ሲወጣ ብርሃኑ ያነሰ ሴራሚክ ጉዳት ሲደርስበት የሚቀንሰው ጥቂት ቢሆን «ጽኑ» ይባላል፤ በእውነቱ ግን መጀመሪያም የሚያጣው ብዙ አልነበረውም። በመቶኛ ብቻ የቀረበ ንጽጽር ይህን ይደብቃል። የመነሻውን ብርሃን ሳይናገር «80 በመቶ ቀርቷል» የሚል ሰንጠረዥ ሳይ ወደ ቀጣዩ ገጽ አላልፍም።

ፈውሱም አንድ ወጥ አይደለም። ቁሱን ማሞቅ የተፈናቀሉ አቶሞችን ስለሚያነቃንቅ ብዙ የቀለም ማዕከሎችን ያጠፋል። አንዳንዶቹ በጥቂት መቶ ዲግሪ ይለቃሉ፤ አንዳንዶቹ ብዙ ይጠይቃሉ። ጅረቱ ራሱ ሰሌዳውን ስለሚያሞቀው እየጎዳ በከፊል ይፈውሰዋል። ነገሩን የሚያወሳስበው ሙቀት ብቻውንም ብርሃን ማሳነሱ ነው። ስለዚህ ብርሃን ወረደ ማለት ተጎዳ ማለት አይደለም። ጅረቱን አቁሞ፣ ሰሌዳው እስኪቀዘቅዝ ጠብቆ፣ በደካማ ጅረት እንደገና መለካት ያስፈልጋል። ተመልሶ ከበራ ሙቀት ነበር፤ ካልተመለሰ ጉዳት ነው።

ጎንደር ውስጥ አዮን ማፍጠኛ የለም፤ በአህጉራችን የቅርቡ ትልቅ ቦታ ኬፕ ታውን ያለው የማፍጠኛ ማዕከል ኢቴምባ ላብስ ነው። ቢሆንም የዚህ ሥራ ግማሹ ከጅረቱ በኋላ ያለው ነው። የተመታ ናሙና የተፈጠረበት ራዲዮአክቲቭነት እስኪረግብ ይቆያል፣ ተፈትሾ ይላካል፣ ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው ምድጃ፣ ብርሃን በየሞገድ ርዝመቱ የሚለካ ስፔክትሮፎቶሜትር፣ የአልትራቫዮሌት መብራትና ጨለማ ክፍል ነው። በ100 ዲግሪ አንድ ሰዓት፣ አቀዝቅዞ መለካት፤ በ200 ዲግሪ አንድ ሰዓት፣ አቀዝቅዞ መለካት፤ እንዲህ እያሉ መውጣት። አንድ የመዋጥ ምልክት በየትኛው ዲግሪ እንደጠፋ ሲታወቅ የትኛው ጉድለት እንደነበር መገመት ይቻላል። በአሉሚና ውስጥ ሁለት ኤሌክትሮን የያዘው የኦክስጅን ባዶ ስፍራ ብርሃን የሚውጠው በ205 ናኖሜትር አካባቢ ነው፤ አንድ ብቻ የያዘው ደግሞ ሌላ ምልክት በ258 ናኖሜትር አካባቢ አለው። ሁለቱን ለይቶ መከታተል ለአንድ የማስተርስ ተማሪ በቂ ሥራ ነው። ይህን የለመደ እጅ ነገ የሆስፒታል ሲቲ ሲፈተሽም ሆነ የኃይል ማመንጫ መለኪያ ሲስተካከል ለቁጥሩ በቀላሉ አይታለልም።

ያ ተማሪ ከሳምንት በኋላ ቢሮዬ መጣ። የዘረጋሁለትን ንድፍ አይቶ መጀመሪያ የጠየቀኝ ምድጃችን ስንት ዲግሪ እንደሚደርስ ነው። 1,100 አልሁት። ደብተሩ ላይ ጻፈው፤ ከዚያ ቴርሞሜትሩ ራሱ መቼ እንደተፈተሸ ጠየቀኝ።